ሁለት ስም የነበራት ባሕር ሰርጓጅ መርከብ

ሜይ 23 ቀን 1939 ማለዳ ከሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ጠረፍ ወጣ ብሎ በሚገኘው የአትላንቲክ ውቅያኖስ ክፍል፣ «ስኳለስ» የተባለች አዲስ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ 59 ሰዎችን ይዛ ለሙከራ ወደ ጥልቁ ወረደች። ከዚያ ቀደም አሥራ ስምንት ጊዜ ጠልቃ አሥራ ስምንት ጊዜም በደኅና ተመልሳ ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ጊዜ ግን አልተመለሰችም። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ 26 ሰዎች በውሃ ታፍነው ሞቱ፤ የቀሩት 33 ሰዎች ደግሞ ከውሃው ገጽ 74 ሜትር ዝቅ ብለው፣ በጨለማና በብርድ ውስጥ፣ በብረት ቅርፊት ተዘግተው ቀሩ።

በዚያን ዘመን ከእንዲህ ያለ ጥልቀት ሰውን በሕይወት ማውጣት ይቻላል ብሎ የሚያምን ጥቂት ነበር። ሠላሳ ሦስቱም ግን ወጡ። መርከቧም ራሷ ከባሕሩ ግርጌ ተነሥታ፣ ተጠግና፣ ስሟም ተለውጦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመቻ እስከ መጨረሻው ድረስ አገለገለች። ውድ አንባብያን፣ የዚህች መርከብ የአገልግሎት ታሪክ የጀግንነት ወሬ ብቻ አይደለም፤ ግፊትን፣ ጋዞችን፣ ባትሪንና የመለኪያ መሣሪያዎችን የሚመለከቱ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሕጎች በሰው ሕይወት ላይ ምን ያህል እንደሚወስኑ የሚያሳይ ትምህርት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ነፍስ አድን ዕውቀት ከአደጋው በፊት ተዘጋጅቶ ካልጠበቀ በአደጋው ሰዓት ሊፈጠር እንደማይችል ያስተምራል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አየር የሚሻ ሞተርና አየር የማይሻ ባትሪ

ስኳለስ የተሠራችው በፖርትስመዝ የባሕር ኃይል መርከብ መሥሪያ ሲሆን፣ ግንባታዋ በኦክቶበር 1937 ተጀምሮ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1938 ወደ ውሃ ገባች፤ ማርች 1 ቀን 1939 ደግሞ በሌተናንት ኦሊቨር ናኩዊን አዛዥነት ለባሕር ኃይሉ አገልግሎት በቃች። ስሟ የአንድ የሻርክ ወገን መጠሪያ ነው። ርዝመቷ 94.6 ሜትር ሲሆን፣ ጠልቃ ሳለች የምትገፋው ውሃ 2,350 ቶን ይመዝናል።

የባሕር ሰርጓጅ አሠራር መሠረቱ አርኪሜደስ ያገኘው ሕግ ነው። አፉ የተደፈነ ቅል ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ አፉ ተከፍቶ ውሃ ሲሞላው ይሰምጣል። ባሕር ሰርጓጅም በጎንና በጎኗ ትላልቅ ጋኖች አሏት። መጥለቅ ስትፈልግ በጋኖቹ ውስጥ ያለውን አየር ለቅቃ የባሕር ውሃ ታስገባለች፤ መውጣት ስትፈልግ ደግሞ በከፍተኛ ግፊት ታምቆ የተቀመጠ አየር ወደ ጋኖቹ ለቅቃ ውሃውን ታስወጣለች። ሰዎቹና መሣሪያዎቹ ያሉበት ውስጠኛው ቀፎ ግን ምን ጊዜም ደረቅ መሆን አለበት።

ችግሩ የሚጀምረው ከኃይል ምንጩ ላይ ነው። ናፍጣ ለመቃጠል ብዙ ኦክስጅን ይሻል። ስለዚህ ስኳለስ በውሃው ገጽ ላይ ስትጓዝ አራት ታላላቅ የዲዝል ሞተሮቿን ታስነሣለች፤ በሰዓት እስከ 39 ኪሎ ሜትርም ትጓዛለች። ከዲዝሎቹ ኃይል ከፊሉ ጄኔሬተር እያዞረ ባትሪዎቹን ይሞላል። ስትጠልቅ ግን ዲዝሎቹ መጥፋት አለባቸው። ያን ጊዜ በ252 ሴሎች የተከማቸው የኤሌክትሪክ ኃይል ተራውን ተቀብሎ የኤሌክትሪክ ሞተሮችን ያሽከረክራል። እነዚህ ሴሎች በአሠራራቸው ከመኪና ባትሪ አይለዩም፤ እርሳስና ሰልፈሪክ አሲድ ናቸው። በመጠናቸው ግን እጅግ የገዘፉ ነበሩ።

ባትሪ የያዘው ኃይል ውሱን ነው። ስኳለስ ከውሃ በታች በሙሉ ኃይሏ ብትሄድ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ያህል ብትጓዝም፣ ባትሪዋ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይሟጠጣል፤ ከሰው እርምጃ ባልፈጠነ ጉዞ፣ ማለትም በሰዓት ከአራት ኪሎ ሜትር በታች ብትሄድ ግን እስከ 48 ሰዓት መቆየት ትችል ነበር። እንግዲህ የዚያን ዘመን ባሕር ሰርጓጅ በእውነቱ በውሃ ገጽ ላይ የምትኖር፣ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ የምትጠልቅ መርከብ ነበረች ማለት ይቻላል።

ዲዝሎቹ አየር የሚስቡት ከመርከቧ ላይኛው ክፍል በሚጀምር ሰፊ ቱቦ ነው። መርከቧ ከመጥለቋ በፊት ሞተሮቹ ይጠፋሉ፤ የቱቦው ዋና ቫልቭ ይዘጋል፤ ከዚያም ጋኖቹ ውሃ ይቀበላሉ። ይህ ሁሉ በሰከንዶች ውስጥ መፈጸም ነበረበት፤ ምክንያቱም በጦርነት ጊዜ በፍጥነት መጥለቅ ያልቻለች ባሕር ሰርጓጅ ዕድሜ የላትም።

አረንጓዴ መብራት ምን ይናገራል?

በመርከቧ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ቀይና አረንጓዴ መብራቶች የተደረደሩበት ሰሌዳ ነበር። ክፍት የሆነ ቀዳዳ ሁሉ በቀይ፣ የተዘጋ ደግሞ በአረንጓዴ ይታያል። በዚያች ማለዳ ሰሌዳው በሙሉ አረንጓዴ ሆነ። ለበለጠ ጥንቃቄ ጥቂት የታመቀ አየር ወደ መርከቧ ውስጥ ተለቀቀ፤ የግፊት መለኪያው ሳይወርድ ቆመ። ይህም መርከቧ የሚያፈስ ቀዳዳ እንደሌላት የሚያመለክት ነበር። ሁለቱም ምልክቶች «ደኅና ነው» አሉ።

መርከቧ ግን ገና እየጠለቀች ሳለ የሞተር ክፍሎቹ ውሃ እየገባባቸው መሆኑ በስልክ ተነገረ። ዋናው የአየር ማስገቢያ ቫልቭ ክፍት ነበር። ሞተሮቹ ሊተነፍሱበት የተሠራው ሰፊ ቱቦ ባሕሩን ወደ ውስጥ አጎረፈው። ጋኖቹን ለማስተንፈስ ወዲያው ቢሞከርም የኋላ ክፍሎቹ በውሃ ስለተሞሉ መርከቧ በጅራቷ ወደ ታች ተንሸራተተች፤ መብራትም ጠፋ።

ባሕር ሰርጓጅ ውሃ በማያስገቡ ጠንካራ ግድግዳዎችና በሮች የተከፋፈለች ናት። በመቆጣጠሪያው ክፍልና ከኋላው ባለው የባትሪ ክፍል መካከል ያለውን በር የመዝጋት ኃላፊነት የወደቀው በኤሌክትሪክ ሠራተኛው በሎይድ ማኔስ ላይ ነበር። መርከቧ ወደ ኋላ ስላዘነበለች ከባዱን በር ወደ ላይ እየጎተተ መዝጋት ነበረበት። ከኋላ እየሮጡ የመጡ ጥቂት ጓደኞቹ እስኪያልፉ ድረስ ያዘው፤ ከዚያ በኋላ ግን ዘጋው። ባይዘጋው ኖሮ 59ኙም ባለቁ ነበር። ከበሩ ባሻገር የቀሩት 26ቱ ነበሩ።

አደጋው በዚህ አላበቃም። በፊተኛው የባትሪ ክፍል የኤሌክትሪክ ፍሰቱ መሥመሩን ስቶ ሴሎቹ እየጋሉ ብልጭታ መርጨት ጀመሩ። አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ በደረቱ እየተሳበ ወደ ባትሪዎቹ ገብቶ ማብሪያ ማጥፊያዎቹን ነቀለ። ይህን ባያደርግ ባትሪው ሊፈነዳ ይችል ነበር። የባሕር ውሃ ከባትሪው አሲድ ጋር ቢገናኝ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎሪን መርዛም ጋዝ ሆኖ ይወጣል።

ጉዳዩ ከተመረመረ በኋላ የአደጋው መንስኤ የዋናው ቫልቭ ብልሽት እንደሆነ ተደመደመ። ከዚህ ለሳይንስ ተማሪ የሚቀረው ቁም ነገር የመብራቱ ነገር ነው። አረንጓዴው መብራት የሚናገረው አንድ የኤሌክትሪክ መገናኛ መነካካቱን እንጂ ቫልቩ በእርግጥ መዘጋቱን አልነበረም። መለኪያ የሚነግረን ራሱ የነካውን ነገር ብቻ ነው፤ የቀረውን የምንጨምረው እኛ በግምት ነው። በመለኪያውና በነገሩ መካከል ያለው ርቀት ትንሽ ቢመስልም፣ በዚያች ማለዳ የ26 ሰዎችን ሕይወት ያህል ሆነ።

ጅብ ከሄደ በኋላ

የ33ቱን የመዳን ታሪክ ለመረዳት አሥራ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ዲሴምበር 17 ቀን 1927 ኤስ-4 የተባለች የአሜሪካ ባሕር ሰርጓጅ በማሳቹሴትስ ጠረፍ አጠገብ ከውሃው ስትወጣ ከአንድ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። ጥልቀቱ 31 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በፊተኛው ክፍል ስድስት ሰዎች በሕይወት ነበሩ፤ ጠላቂዎች ወርደው የመዶሻ ድምፃቸውን ሰምተዋል፤ በምት ምልክትም ተነጋግረዋል። ነገር ግን እነርሱን ማውጫ መሣሪያ በዓለም ላይ አልነበረም። ማዕበሉ በረታ፤ አየሩ አለቀ፤ በመርከቧ የነበሩት 40 ሰዎች በሙሉ ሞቱ።

ቻርልስ ሞምሰን የተባለ መኮንን ከዚህ አደጋ በፊት ለነፍስ አድን የሚሆን የመጥለቂያ ደወል ንድፍ ለበላዮቹ አቅርቦ ተቀባይነት ሳያገኝ ቀርቶ ነበር። ከኤስ-4 ሞት በኋላ ግን በሩ ተከፈተለት። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ ሥራው የተጀመረው አርባ ሰው ካለቀ በኋላ ነው። ሞምሰን በመጀመሪያ እያንዳንዱ መርከበኛ አፉ ላይ አድርጎ ከሰጠመች መርከብ የሚወጣበትን «የሞምሰን ሳንባ» የተባለ የመተንፈሻ ከረጢት ሠራ፤ በገዛ ራሱም ላይ ሞከረው። የመጥለቂያ ደወሉን ደግሞ ሌላው መኮንን አለን ማካን አሻሽሎ ፍጻሜ ስላደረሰው በእርሱ ስም «የማካን ክፍል» ተባለ።

የዚህ መሣሪያ ሐሳብ ቀላል ነው። አንድ ብርጭቆ አፉን ቁልቁል ደፍተን ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ብንጫነው፣ በውስጡ ያለው አየር ስለማያመልጥ የብርጭቆው ውስጥ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። የማካን ክፍል ይህንኑ ብርጭቆ የመሰለ ትልቅ የብረት ደወል ሆኖ፣ በላይና በታች በሁለት የተከፈለ ነው። በላይኛው ሁለት ሠራተኞችና የሚድኑት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ የታችኛው አፉ ክፍት ሲሆን ከንፈሩ በወፍራም ጎማ ተለብጧል። ጠላቂ ዋናተኛ ቀድሞ ወርዶ ከሰጠመችው መርከብ የመውጫ ክዳን ላይ የብረት ገመድ ያስራል፤ ደወሉም ያንን ገመድ በራሱ ሞተር እየጠቀለለ ወደ ክዳኑ ይወርዳል። የደወሉ ከንፈር በክዳኑ ዙሪያ ባለው ለስላሳ የብረት ቀለበት ላይ ሲያርፍ ሠራተኞቹ በታችኛው ክፍል ያለውን ውሃ ያስወጣሉ፤ የውስጡንም ግፊት ወደ ተራ አየር ግፊት ይቀንሳሉ። የቀረውን ሥራ ባሕሩ ራሱ ይሠራል፤ በ74 ሜትር ጥልቀት ውሃው በእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር ላይ 75 ቶን ገደማ ጭነት ስለሚያሳርፍ ደወሉን ከመርከቧ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ክዳኑ ይከፈታል፤ ሰዎቹም እግራቸው ውሃ ሳይነካ ወደ ላይ ይወጣሉ።

ሠላሳ ሦስት ሰዎች በአራት ጉዞ

የስኳለስ ሰዎች ወዲያውኑ የጭስ ሮኬት ወደ ላይ ተኮሱ፤ ስልክ የተገጠመበት ተንሳፋፊ ምልክትም ለቀቁ። በሰዓቱ ስኳለስ መውጣቷን የሚያመለክት መልእክት ስላልደረሰ፣ የፖርትስመዝ አዛዥ አድሚራል ሳይረስ ኮል ከወደቡ ልትወጣ የነበረችውን የስኳለስን እኅት መርከብ ስካልፒንን እንድትፈልጋት ላከ። ስለ ስኳለስ መጥለቂያ ስፍራ የተላለፈው መልእክት ስሕተት ስለነበረበት ስካልፒን በተሳሳተ ቦታ ትፈልግ ነበር። ከመኮንኖቿ አንዱ በሩቅ የጭስ ምልክት ስላየ ግን ተንሳፋፊው ተገኘ፤ በስልኩም ከሥር ካሉት ጋር ንግግር ተጀመረ። ጥቂት ቃላት እንደተለዋወጡ ማዕበሉ ገመዱን በጠሰው። ከዚያ በኋላ መነጋገሪያው የመርከቧን ግድግዳ በመዶሻ መምታት ብቻ ሆነ። እነዚህን ሁለት መርከቦች፣ ስኳለስንና ስካልፒንን፣ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ታሪኩ ሲያልቅ ዳግመኛ ይገናኛሉና።

ከሥር ያሉት ሰዎች ዋና ጠላት በደማቸው ውስጥ የሚከማቸው ጋዝ ነበር። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ኦክስጅን ከማለቁ በፊት ራሱ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጎዳዋል፤ መጠኑ ጥቂት በመቶ ሲደርስ ራስ ምታት፣ ቁና ቁና መተንፈስና ድንዛዜ ይከተላል። ስለዚህ አዛዡ ሰዎቹ እንዲተኙ፣ እንዳይነጋገሩና እንዳይንቀሳቀሱ አዘዘ፤ የሚያርፍ ሰው የሚያወጣው ጋዝ ያነሰ ነውና። ይህን ጋዝ የሚመጥ የኬሚካል ዱቄትም በወለሉ ላይ ተበተነ። የሞምሰን ሳንባ በእጃቸው ቢኖርም ከጥልቀቱና ከውሃው ቅዝቃዜ የተነሣ ደወሉን መጠበቅ ተመረጠ።

ሞምሰንና ጠላቂዎቹ ከዋሽንግተን በአውሮፕላን ደረሱ፤ ደወሉን የተሸከመችው ፋልከን የተባለች መርከብም ሜይ 24 ማለዳ በቦታው ተገኘች። ማርቲን ሲቢትስኪ የተባለው ጠላቂ ወርዶ ገመዱን ከክዳኑ ላይ አሰረ። ከዚያ ደወሉ ወረደ። በመጀመሪያው ጉዞ 7፣ በሁለተኛው 9፣ በሦስተኛውም 9 ሰዎች ወጡ። አራተኛው ጉዞ አዛዡን ናኩዊንን ጨምሮ የመጨረሻዎቹን 8 ሰዎች ይዞ ሲመለስ ግን ገመዱ ከመጠቅለያው ላይ ተቀርቅሮ ደወሉ በመንገድ ላይ ቆመ። በኋላም የሚጎትተው የብረት ገመድ ክር በክር እየተበጠሰ ሄደ። አዲስ ገመድ እንዲያስሩ የተላኩት ጠላቂዎች በጥልቀቱ ውስጥ አእምሯቸው እየደነዘዘ ሥራውን ሳይፈጽሙ ወጡ። በመጨረሻ ሞምሰን በደወሉ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ክብደቱን በጥቂት በጥቂቱ እንዲቀንሱ አዘዘ፤ የፋልከን መርከበኞችም በሳሳው ገመድ በእጃቸው ቀስ እያሉ ሳቡት። ሜይ 25 ከእኩለ ሌሊት ጥቂት እንዳለፈ፣ ሥራው ከተጀመረ ከ13 ሰዓታት በኋላ፣ ደወሉ ከውሃው ወጣ። በነጋታው ወደ ኋላኛው ክፍል አምስተኛ ጉዞ ተደረገ፤ ክፍሉ በውሃ ተሞልቶ ነበር።

የናይትሮጂን ስካርና ሂሊየም

ጠላቂዎቹን ያደነዘዛቸው ምን ነበር? የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጂን ነው። በተራ ግፊት ይህ ጋዝ በሰውነታችን ላይ የሚታይ ነገር አያደርስም። ነገር ግን ወደ ባሕር በወረድን በየአሥር ሜትሩ ግፊቱ በአንድ አትሞስፌር ገደማ ስለሚጨምር፣ 74 ሜትር ላይ አየር የሚተነፍስ ጠላቂ የሚቀበለው የናይትሮጂን ግፊት በምድር ላይ ካለው ከስምንት እጥፍ ይበልጣል። ሐኪሙ አልበርት ቤንኬ በ1935 እንዳስረዳው፣ በዚህ ግፊት ናይትሮጂን እንደ መጠጥ ያሰክራል፤ ጠላቂው የያዘውን ሥራ ይረሳል፤ የታዘዘውን አይገነዘብም።

መፍትሔው ናይትሮጂንን በሂሊየም መተካት ነበር። ሂሊየም በሰውነት ስብ ውስጥ የሚሟሟው በጥቂቱ በመሆኑ እንዲህ ያለ ስካር አያመጣም። መርከቧን ለማንሣት በተደረገው ሥራ ጠላቂዎቹ የሂሊየምና የኦክስጅን ቅልቅል እየተነፈሱ ወረዱ፤ አእምሯቸውም ንቁ ሆኖ ሠሩ። ይህም የቤንኬን ግኝት በላቦራቶሪ ሳይሆን በባሕሩ ግርጌ አረጋገጠ። ጋዙ ቢለወጥም አንድ ሕግ ግን አልተለወጠም፤ ጠላቂው ወደ ላይ የሚወጣው በየደረጃው እያረፈ ነው። የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ በድንገት ሲከፈት በግፊት የተሟሟው ጋዝ አረፋ ሆኖ እንደሚፈላ ሁሉ፣ በድንገት የወጣ ጠላቂም ጋዙ በደሙ ውስጥ አረፋ ይሆንበታል። በነፍስ አድኑና በማንሣቱ ሥራ የተሳተፉት ዊልያም ባደርስ፣ ኦርሰን ክራንዳል፣ ጄምስ ማክዶናልድና ጆን ሚሃሎውስኪ የአሜሪካን ከፍተኛ የጦር ሜዳ ሽልማት ተቀብለዋል።

የማንሣቱ ሥራ ራሱ የቦይል ሕግ ትምህርት ነበር። በመርከቧ ሥር ሰንሰለትና ገመድ አልፎ፣ ውሃ የተሞሉ ትላልቅ በርሜሎች ከእርሷ ጋር ታሰሩ፤ ከዚያ ውሃቸው በአየር እየተተካ እንዲያነሧት ታሰበ። ጁላይ 13 ጅራቷ እንደታሰበው ተነሣ፤ አፍንጫዋ ግን በጭቃው ተይዞ ቆየና ድንገት ተላቀቀ። ወደ ላይ በወጣች መጠን ግፊቱ ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ አየሩ ይሰፋል፤ አየሩ ሲሰፋ ተጨማሪ ውሃ እየገፋ የማንሣት ኃይሉን ይጨምራል። እንዲህ እየተቻኮለች የመርከቧ አፍንጫ ከውሃው በላይ አሥር ሜትር ያህል ተወርውሮ ታየ፤ ከሰከንዶች በኋላም ገመዶቹን አምልጣ ተመልሳ ሰጠመች። ከዚያ በኋላ በጥቂቱ እያነሡ፣ ወደ ጠረፍ እየጎተቱ፣ እንደገና እያሳረፉ በደረጃ ወሰዷት። ሴፕቴምበር 13 ቀን 1939፣ በሰጠመች በ113ኛው ቀን፣ ወደ ተሠራችበት ወደብ ገባች።

አዲስ ስም፣ አሮጌ ጥርጣሬ

መርከቧ ተጠግና ሜይ 15 ቀን 1940 «ሴይልፊሽ» በሚል ስም ለአገልግሎት ተመለሰች። ስሙ በፍጥነቱ ከሚታወቅ፣ በጀርባው ሸራ የመሰለ ክንፍ ካለው ዓሣ የተወሰደ ነው። መርከበኞች ግን ሁለቱን ስሞች አዳቅለው «ስኳይልፊሽ» እያሉ ይጠሯት ነበር፤ አዲሱ አዛዥ ይህን ስም ከለከለ።

ጃፓን በዲሴምበር 1941 ጦርነቱን ስትከፍት ሴይልፊሽ በማኒላ ነበረች። በጦርነቱ ዘመን አሥራ ሁለት የቅኝት ዘመቻዎችን አደረገች። በመጀመሪያዎቹ ወራት የአሜሪካ ባሕር ሰርጓጆች የተኮሱት ቶርፒዶ ብዙ ጊዜ ዒላማውን ይስት ነበር፤ አዛዦቹም በስሕተት ተወቀሱ። በጁን 1942 በምዕራብ አውስትራሊያ ባሕር ውስጥ መረብ ተዘርግቶ ቶርፒዶዎች ሲተኮሱበት፣ የመረቡ ቀዳዳ እውነቱን ገለጠ፤ ቶርፒዶዎቹ ከተስተካከሉበት ጥልቀት ሦስት ሜትር ያህል ዝቅ ብለው ከመርከቦቹ ሥር ያልፉ ነበር። የጥልቀት መለኪያቸው እንደ ስኳለስ አረንጓዴ መብራት ያልሆነውን ይናገር ነበር ማለት ነው። እውነቱ የታወቀው ቁጥሩን በማመን ሳይሆን ተራ መረብ ዘርግቶ በማየት ነው።

የእኅትማማቾቹ ዳግም መገናኘት

ኖቬምበር 19 ቀን 1943 ስካልፒን፣ ያቺ በ1939 የስኳለስን ጭስ ያየችው መርከብ፣ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ትሩክ በተባሉት ደሴቶች አቅራቢያ በጃፓን የጦር መርከብ ተመትታ ሰጠመች። ከመርከበኞቿ 41 ሰዎች ተማረኩ። ጃፓናውያኑ ምርኮኞቹን ለሁለት ከፍለው፣ 21 ሰዎችን ቹዮ በተባለች፣ 20 ሰዎችን ደግሞ ኡንዮ በተባለች አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ጭነው ወደ ጃፓን ጉዞ ጀመሩ።

በዚያው ጊዜ ሴይልፊሽ በሌተናንት ኮማንደር ሮበርት ዋርድ አዛዥነት በአሥረኛው ዘመቻዋ ላይ ነበረች። የጃፓን የሬድዮ መልእክት ተጠልፎ ስለ መርከቦቹ መምጣት ተነግሯታል። ዲሴምበር 3 ሌሊት በከባድ ማዕበል ውስጥ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ጨለማ፣ ራዳሯ ዒላማ አገኘ። ዋርድ እስከ ዲሴምበር 4 ረፋድ ድረስ አንዲቷን መርከብ ሦስት ጊዜ አጠቃት፤ በሦስቱ ጥቃቶች አሥር ቶርፒዶዎች ተተኮሱ። መርከቧ ሰጠመች፤ በውስጧ ከነበሩት 1,250 ያህል ሰዎች ሞቱ። መርከቧ ቹዮ ነበረች።

በቹዮ ከነበሩት 21 የስካልፒን ምርኮኞች ሃያው ሞቱ። አንድ ብቻ፣ ጆርጅ ሮቼክ፣ በአጠገቡ ያለፈችውን የጃፓን መርከብ መሰላል ጨብጦ ዳነ፤ በኡንዮ ከተጫኑት ሃያ ጓደኞቹ ጋርም ጦርነቱ እስኪያልቅ በምርኮ ቆየ። ስኳለስን ከሞት ጥላ ሥር ያገኘቻት የስካልፒን ሰዎች፣ በስኳለስ ቶርፒዶ አለቁ። ዋርድና መርከበኞቹ በጨለማው ውስጥ ይህን የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም። ራዳሩ የነገራቸው የብረት አካል መኖሩን፣ ርቀቱንና አቅጣጫውን እንጂ በውስጡ ማን እንዳለ አይደለም። ለዚያ ዘመቻ ሴይልፊሽ የፕሬዚዳንቱን የምስጋና ሽልማት ተቀበለች።

ከመርከቧ ምን ቀረ?

ሴይልፊሽ በ1945 መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ተመልሳ ማሠልጠኛ ሆነች፤ ኦክቶበር 27 ቀን 1945 ከአገልግሎት ተሰናበተች። በቦምብ ሙከራ ዒላማ ሆና እንድትሰጥም ታስቦ ነበር፤ በመጨረሻ ግን በ1948 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። የአዛዡ ማማዋ ብቻ በፖርትስመዝ መርከብ መሥሪያ፣ በተወለደችበት ስፍራ፣ ለሞቱት መታሰቢያ ሆኖ ቆሟል።

የማካን ክፍል ግን ከእርሷ በኋላም ኖረ። ሁልጊዜ ድል አላደረገም። በ1953 የቱርክ ባሕር ሰርጓጅ ዱምሉፒናር በዳርዳኔልስ ስትሰጥም የደወሉን ገመድ የባሕሩ ኃይለኛ ፍሰት አላስጠጋው፤ በሕይወት ተዘግተው የነበሩትን ማዳን አልተቻለም። ኖቬምበር 2017 የአርጀንቲናዋ ሳን ሁዋን 44 ሰዎችን ይዛ ስትጠፋ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ያንኑ ዓይነት ደወል በአውሮፕላን ላከ። መርከቧ ከአንድ ዓመት በኋላ የተገኘችው በ907 ሜትር ጥልቀት፣ በግፊቱ ተጨፍልቃ ነበር፤ ደወሉ ሊወርድ የሚችለው ግን እስከ 260 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ነፍስ አድን መሣሪያ ሁሉ የራሱ ወሰን አለው፤ ወሰኑን የሚያሰፋው ደግሞ ከአደጋ በፊት የሚሠራ ጥናት ነው።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የስኳለስ 33 ሰዎች የዳኑት በሜይ 1939 በተፈጠረ ብልሃት አልነበረም፤ በኤስ-4 ውስጥ መዶሻ እየመቱ የሞቱት ሰዎች ድምፅ ከጆሯቸው ያልጠፋ ጥቂት ሰዎች፣ ማንም ባልጠየቃቸው ዓመታት፣ ገመድ ሲያሥሩ፣ ጋዝ ሲመዝኑና በራሳቸው ሰውነት ሲሞክሩ ስለቆዩ ነው። ደወሉ በዚያች ማለዳ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። በሩ የተዘጋባቸውን 26ቱን ግን ማንም ሊደርስላቸው አልቻለም፤ ለእነርሱ መዘጋጀት የነበረበት ደወሉ ሳይሆን ቫልቩ ነበርና።